የእሑዱ ሚዛን

ዐሥራ አራት ክልሎች በታወጁ በሁለተኛው ዓመት፣ አሶሳ ላይ ዐሥራ አምስተኛው ተጨመረ። የጨመረው መንግሥት አይደለም፤ ልብስ ሰፊው ይገረም ነው።

ነገሩ የመጣው ከጨዋነት ነው። ቃናኒ የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን አዲሱን አዳራሹን ሲያስመርቅ መዘምራኑ የሚለብሱት አረንጓዴ ጨርቅ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ጨርቁ መጣ፣ ሰፊውም ተገኘ፤ ታዲያ ልጃገረዶቹን ማን ይለካ? ይገረም ወንድ ነው፤ ያውም ወሬ የሚወድ ወንድ። የመዘምራኑ መሪ ቦዔዝ ሦስት ቀን አሰበበትና መላ ዘየደ። ከሃያዎቹ መዘምራን የአንዷን፣ የቡሴን ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደና «ሁሉንም በዚህ ልክ ስፋቸው» አለው። ቡሴ ደግሞ እንደ ሽመል ቀጥ ያለች ቀጭን ልጅ ናት። ሴት ልጅ አትለካም ተብሎ ሃያ ሴት በአንዷ ልክ ተሰፋላት።

ለሌሎቹ እየተጎተተም እየተወጠረም እንደምንም ሆነ። ለቃናኒ ግን ከነጭራሹ አልገባ አለ። ጨርቁ አልቆ ስለነበር ይገረም በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ ከመጋረጃ ትራፊ ሁለት ቁራጭ ቀጠለበት። ቁራጮቹም አረንጓዴ ናቸው፣ ግን የሌላ አረንጓዴ። በልምምድ ቀን፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ልብሱን በሁለት እጁ ዘርግቶ፦

«እዩልኝማ! ለቃናኒ ድንበር ገፋሁላት። እሷ እኮ ብቻዋን ክልል ዐሥራ አምስት ናት!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ይገረም ክፉ ሰው አይደለም፤ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ፣ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ቀብሮ፣ በቀልድ የከረመ ሰው ነው። ቃናኒም ሳቀች፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሷ ሳቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ይገረም ቀልዱን እዚያው ጥሎት ወጣ፣ እሷ አንሥታ ቤቷ ወሰደችው።

ቃናኒ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታይፕ ተምራ፣ ወንበሮቹ ገና ከላስቲካቸው ባልወጡበት አንድ የክልሉ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ተቀጥራለች። ማኅተሙ አዲስ፣ ሰሌዳው አዲስ፣ የአገሩ ስም ራሱ አዲስ በሆነበት ከተማ እሷም አዲስ መሆን አማራት። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ገላዋ አስባ አታውቅም ብል ዋሸሁ። ታስብ ነበር፤ ግን አልፎ አልፎ እንደሚጣሉት ጎረቤት አድርጋ ነው፣ ተጣልተውም የሚታረቁት። አሁን ግን ጠላቷ ሆነ። በቢሮው መስኮት፣ በሻይ ብርጭቆ፣ ጥላዋ ላይ ሳይቀር እነዚያን ሁለት የመጋረጃ ቁራጮች ታያቸዋለች።

መጀመሪያ እራት ተወች። ቀጥሎ ቁርሱ «ረፍዶብኛል» ሆነ፤ ምሳውም «ቢሮ በልቻለሁ» ሆነ። ርሃብ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሰሚ ሲያጣ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ሰው መሻል ይመስለዋል፤ እሷም መስሏት ነበር።

ወቅቱ የማንጎ ነበር። አሶሳ ላይ ማንጎ ሲደርስ መሸሸጊያ የለም፤ ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል፣ መንገድ ላይ ይፈርጣል፣ ንቡን ያሰክራል፣ ፍየሉ ሳይቀር ጢሙ ቢጫ ይሆናል። ቃናኒ በዚያ ሽታ መካከል ምንም ሳትቀምስ ስትሄድ እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም። ሰዎች ሲያናግሯት ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ ይመጣል። ዛፎቹ በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ እሷ ቆማ። ደስ ይላት ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መቅለል ደስ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝም ደስታው ነው።

ቢሮ ስትገባ ደግሞ ሌላ ድግስ ነበራት። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ እንግዳ የማይመጣበት ሳምንት አልነበረም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የግብዣው ዝርዝር በእሷ እጅ ይታተማል። የበግ ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ ገንፎ በባምያ፣ ማር። እያንዳንዱን ፊደል ቀስ ብላ፣ እያጣጣመች ትመታለች። ጥብስን መትታ ትጨርስና ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ታርፋለች። አለቃዋ አንድ ቀን «ይቺ ዝርዝር ለምን ሦስት ጊዜ ታተመች?» ቢላት፣ «ስሕተት ነበረባት» አለችው። ስሕተት አልነበረባትም፤ ሁለቱን ወረቀቶች አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነበር።

እቤት ውስጥ ግን እናት አለች። ኦብሴ የልጇ ሰሐን ሳይነካ ሲመለስ አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንድ ምሽት አፋጠጠቻት፤ ቃናኒም መውጫ ስታጣ «ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። አንድ ጊዜ በቂ ነው! ኦብሴ በኩራት ለጎረቤቷ ለበለጡ ነገረች፤ በለጡ ለሴቶች ማኅበር ነገረች፤ በሁለተኛው እሑድ ቦዔዝ መድረክ ላይ ወጥቶ «እኅታችን ቃናኒ ለአዲሱ ክልላችን በጾም በጸሎት ተይዛለች» ብሎ አወጀ። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ።

ከዚያማ ቤታቸው ሰው አያጣም ሆነ። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ ለባሏ መጠጥ፣ በለጡ ደግሞ ወተት ለከለከለቻት ላሟ እጅ አስጭና ታስጸልያለች። የቃናኒ እጅ በዚያ ሁሉ ሙቀት በረዶ ነው። «ይህ መንፈስ ነው» ይላሉ እጇን እየሳሙ። አይ ሰው! ልጅቷ ደም አጥታ እጇ ሲቀዘቅዝ በረከት ነው ብሎ ይሻማበታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትጸልያለች። ላሚቱም ከሰሞኑ ታለበች፤ የባሰው ደግሞ ይህ ሆነ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ።

አባቷ ረጋሳ ከወለጋ የመጣ የእህል ነጋዴ ነው፤ ገበያው ዳር የሰሊጥና የማሽላ መጋዘን አለው። በከተማው የታወቀበት ነገር ክንዱ ነው። ጆንያ አቅፎ አንድ ስንዝር ከመሬት ካነሣ ኪሎውን ይናገራል፣ አይስትም። ትልቁን የብረት ሚዛን ያቆመውም ለራሱ ሳይሆን ሌላው ሰው እንዲያምነው ነው። አንድ ሕግ ነበረው፤ የነጋዴ ሚዛን ባዶ ማደር አለበት። ማታ መጋዘኑን ሲዘጋ፣ ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ድብልብል ብረት ገፍቶ ዜሮ ላይ ያሳርፈዋል። ቁጥር ይዞ ያደረ ሚዛን ለነገ ገበያተኛ ይዋሻል ይላል።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ወላጆቿ ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ቃናኒ ቁልፉን ከሚስማሩ ታወርድና ወደ መጋዘኑ ትሄዳለች። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ በቆርቆሮው ሽንቁሮች የሚገባው ብርሃን የእህሉን አቧራ ያንሳፍፈዋል። ጫማዋን አውልቃ መርገጫው ላይ ትወጣለች። ብረቱን በጣቷ ወደ ኋላ፣ ሌላ ትንሽ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ዘንጉ ተንቀጥቅጦ ሲቆም በዓለም ላይ ከእሷና ከዚያ ቁጥር በቀር ማንም የለም። አቧራው ሲንሳፈፍ እሷም አብራው የምትንሳፈፍ ይመስላታል። ከዚያ ትወርድና፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው፣ ብረቱን ወደ ቦታው ሳትመልስ ትወጣለች። ርሃብ ሥጋ ብቻ አይበላም፤ ማስታወስንም ይበላል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። በየእሑዱ መርገጫው ላይ አንድ የበሰለ ማንጎ ተቀምጦ ታገኛለች። መጀመሪያ በጣራው ቀዳዳ የገባ መሰላት። ሁለተኛው እሑድም ነበር፤ ሦስተኛውም። በዚያ ወቅት ምንም ነገር አይገርማትም ነበርና ማንጎው ራሱ በእግሩ የሚመጣ አድርጋ ተቀበለችው። አንሥታ ታሸተዋለች፣ ጉንጯ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለው ጆንያ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ረጋሳ ሰኞ ማታ እራት ላይ ጀመረ።

«ሚዛኔን የሚነካ ሰው አለ። ዛሬ ጠዋት ሃምሳ ስምንት ላይ አገኘሁት።»

በሚቀጥለው ሰኞ «ሃምሳ አምስት» አለ። ከዚያ «ሃምሳ ሁለት።» እሱ በንዴት ይናገራል፤ እሷ ዓይኗን ሰሐኗ ላይ ተክላ በውስጧ እልል ትላለች።

«ሌባ ነው» አለ ረጋሳ በአራተኛው ሰኞ። «አንድ ጆንያ ሰሊጥ ደብቋል። በየሳምንቱ እየቆነጠረ ይሸጥና የቀረውን ይመዝናል። ሌባ ላመሉ ልጥ ይሰርቃል!»

«የጎደለ ጆንያ አለ?» አለች ኦብሴ።

«እስካሁን የለም።»

«ያልጎደለ ነገር እንዴት ይሰረቃል ታዲያ?»

«አንቺ ሴት፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። እየጎደለ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል፤ ምን እንደ ጎደለ ነው ያላወቅሁት!»

ቃናኒ ይህን ሰማች። «ብረቱን መመለስ አለብኝ» ብላ ለራሷ ነገረች። እሑድ ሲመጣ ግን ያው ቁጥር፣ ያው አቧራ፣ ያው መንሳፈፍ፤ እንደገና ረሳችው።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ረጋሳ ቁርስ ሳይበላ ወጣ። ኦብሴ ጨጨብሳ በሰሐን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ «ወደ ቢሮ ስትሄጂ ለአባትሽ አድርሺለት» አለቻት። ቃናኒ የትኩሱን ቅቤ ሽታ ከራሷ አርቃ፣ ክንዷን ዘርግታ ይዛው ሄደች። ግንቦት ነውና ሰማዩ ከብዷል።

መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ ውስጡ ሰው አለ። አባቷ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። ቦዔዝና ይገረም ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለሽምግልና ተጠርተው ነው። በፊታቸው የመጋዘኑ ተሸካሚና ጠባቂ ዐወድ ቆሟል። ዐወድ ከመንጌ የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ወርቅ ሲያጥብ ጉልበቱን ወንዙ ጨርሶበት አሶሳ የገባ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል የሚያድር ሽማግሌ። የልብሱ ጥቅል እግሩ ሥር ነው።

«ቁልፉ ያለው በእኔና በአንተ እጅ ነው» አለ ረጋሳ። «ዛሬም አርባ ሰባት ላይ አገኘሁት። ማነው የመዘነው?»

«እኔ ሌባ አይደለም፣ ወላሂ። አንድ ፍሬ ሰሊጥ አልወሰደም።»

«እሺ፣ አልወሰድክም። ማን መዘነ ታዲያ? እዚህ ነው የምታድረው፤ አላየሁም አትለኝም።»

ዐወድ እግሩ ሥር ያለውን ጥቅል አየ።

«ተናገር እንጂ ሰውዬ» አለ ቦዔዝ ለስለስ ብሎ፤ «እውነት ነጻ ያወጣል።»

ዐወድ ቀና ሲል ቃናኒን በሩ ላይ አያት። ፊቱ አልተለወጠም። ራሱን ብቻ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀላት። አትናገሪ ማለቱ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ማንሣት ጀመረ።

ቃናኒ ያን ጊዜ ትናንት ያስቀመጠችውን ማንጎ ጆንያው ላይ አየችው። በእግሩ አልመጣም። በጣራም አልገባም። ለስንት ሳምንት በየእሑዱ አንድ ሰው ከግድግዳው ጀርባ ተቀምጦ፣ ሳይተነፍስ፣ ትበላው እንደሆነ ሲጠብቅ ነበር።

ዝም ብትል እሷ ምንም አትሆንም ነበር። ዐወድ ወደ መንጌ ይመለሳል፣ በዚያ ጉልበቱ እንደገና ውኃ ውስጥ ይቆማል። እሷ ቅድስት እንደ ሆነች ትቀራለች፤ ሴቶቹ እጇን ይስማሉ፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ብትናገር ደግሞ ሰሚዎቹ እነማን ናቸው? በመድረክ ያወደሳት ቦዔዝና ክልል ዐሥራ አምስት ያላት ይገረም። በከተማው ካሉት ሰዎች ሁሉ እነዚህን ሁለቱን መርጦ ያስቀመጠላት ማን ነው?  ያ ሁሉ መንሳፈፍ የት እንደ ገባ እንጃ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱ ከበዳት።

የተቋጠረውን ሰሐን መሬት አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። በመካከላቸው አልፋ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ብረቱ ትናንት እንዳስቀመጠችው ነው፤ ማንም አልነካውም። ዘንጉ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የጎደለው ጆንያ እኔ ነኝ፣ አባ» አለች።

 ረጋሳ ዘንጉን አየ፤ ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። በየማታው ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ያላያትን አሁን አያት፤ የአንገቷን አጥንት፣ ቀበቶው ሁለቴ የተጠመጠመበትን ወገቧን። ሰው ጆንያውን ሲጠብቅ ልጁን ይሰረቃል። ወደ ሚዛኑ ቀርቦ እንደ ልማዱ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ አቀፋትና ከመርገጫው አነሣት። አፉ ከልማዱ የተነሣ ቁጥር ሊናገር ተከፈተ። ቁጥር አልወጣም፤ ትልቁ ሰውዬ በሰዎች ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ኢንታላ ኮ» አለ በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ልጄ» እያለ። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ጾሙ ነዋ» አለ ቦዔዝ ተጨንቆ፤ «ጾሙ በዛባት።»

«ጾም አልነበረም፣ ወንድም ቦዔዝ» አለች ከአባቷ ትከሻ ላይ ሳትወርድ። «አንድም ቀን ጾም አልነበረም። ራሴ አስጠልቶኝ ነው።»

የይገረም የመለኪያ ሜትር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በጣቱ ይጠቀልለዋል፣ ይፈታዋል፣ ይጠቀልለዋል። 

«እኔ እኮ... ለሳቅ ብዬ ነው፣ ቃናኒ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ይገረም። እኔም ስቄ ነበር።»

ረጋሳ ሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀመጣትና ወደ ዐወድ ዞረ። «አንተ ሰው! ታውቅ ነበር፤ እንዴት አትነግረኝም? ሌባ ስልህ እንኳ?»

«የልጅ ሚስጥር ነው» አለ ዐወድ። «አባት ሲሰማ ልጅ ያፍራል። እኔ ሽማግሌ ነው፣ ሌባ ቢባል ምን ይሆናል? እኔ ማንጎ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ቃናኒ ይበላል፣ አላህ ያውቃል ብሎ።» ጥቅሉን ወደ ክፍሉ መልሶ ወሰደ። ሲመለስ ከጆንያው ላይ ማንጎውን አንሥቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ በቢላው ከፍሎ ግማሹን ዘረጋላት።

ዝናቡ ያን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ቃናኒ ግማሹን ማንጎ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ፈራችው። አንድ ፍሬ ማንጎ እንዴት እንደሚያስፈራ ያልደረሰበት ሰው አያውቅም፤ እኔም ለማስረዳት አልሞክርም። አራት ወንዶች ከበዋት ተቀምጠዋል፤ ማንም «ብዪ» አላላትም። ሲቆይ አባቷ የእናቷን ቋጠሮ ፈታና ከጨጨብሳው ቆርሶ መብላት ጀመረ፤ ለዐወድ ቆረሰለት፣ ለቦዔዝ፣ ለይገረም። አፋቸው ሲሞላ፣ ዓይናቸው ከእሷ ላይ ሲነሣ፣ እሷም ነከሰች። ለማኘክ ጊዜ ወሰደባት። ለመዋጥ ደግሞ የበለጠ። ሁለተኛ ስትነክስ ጭማቂው በክርኗ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

በአንድ ማንጎ የዳነ የለም። ኦብሴ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አመላልሳታለች፤ ከዓመት በላይ ፈጅቷል፣ መውደቅ መነሣትም ነበረበት። ይገረም ያን አረንጓዴ ልብስ ሳይጠየቅ ከቦዔዝ ተቀብሎ ፈታው። ሌላ ጨርቅ በራሱ ገዝቶ፣ ሜትሩን ለኦብሴ ሰጥቶ «እናትየው፣ እርስዎ ይለኩልኝ፤ እኔ ቁጥሩን ብቻ ልስማ» አለ። ኦብሴ ለካች፤ ቁጥሩን ግን ለቃናኒ ጮክ ብላ አልነገረቻትም።

ረጋሳ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ማታ መጋዘኑን ሲዘጋ ድብልብሉን ብረት ከዘንጉ ላይ ያወልቀዋል። እሑድ ኮቱን ሲለብስ ኪሱ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጎኑ ወደ ታች አጋድሎ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ይዘምራል። ሰው «ምንድን ነው የተሸከምከው?» ሲለው «ሚዛኔ ባዶ እንዲያድር ነው» ይላል።